ሃሎ! ይሰማል? በኢንተርኔት ስለመደወል ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው እትም «በኢንተርኔት ስትደውሉ ያስቸገራችሁ ነገር ካለ ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። ጻፋችሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ነው፣ አንዳንዱ ስሞታ። አንዱ ደግሞ «ጋሼ፣ የዋይፋይ ፓስዎርድዎን ይላኩልኝ» ይላል። እሱን አልፌዋለሁ።

አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች፦ እኔ 22 ዓመት የስልክ መስመር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ምሰሶ ወጥቻለሁ፣ ጉድጓድ ገብቻለሁ፣ ውሻም ነክሶኛል። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የልጆቼን ዋይፋይ በነፃ እጠግናለሁ። ወደ ደብዳቤዎቹ እንሂድ።

*

«ጋሼ፣ ልጄ ቨርጂኒያ ናት። እሁድ እሁድ እሷ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ፣ እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም፣ በዋትስአፕ ትደውልልኛለች። ድምጿ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴማ ቆርቆሮ ውስጥ ሆና የምታወራ ይመስላል። እሷ ደግሞ "እማዬ፣ የራሴ ድምፅ እየተመለሰብኝ ነው" ትለኛለች። አዲስ ስልክ ልገዛ ብር እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ይቅር?»
— እናት፣ ከደብረ ብርሃን

እናቴ፣ ብሩን ለጊዜው አይንኩት።

መጀመሪያ የድሮውን ላስታውስዎ። በእምዬ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባንና ሐረርን ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ያ ሽቦ እስኪዘጉት ድረስ የእነሱ ነው። ሌላ ሰው አይገባበትም። «መስመር ተይዟል» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እኔ የሠራሁበት ዘመን ማሽኑ ቢራቀቅም ነገሩ ያው ነበር፤ ለእርስዎና ለልጅዎ አንድ መንገድ ተይዞ ይቆያል።

በኢንተርኔት መንገድ የሚይዝልዎት የለም። ስልክዎ ድምፅዎን ይቆራርጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ሃምሳ ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዷ ቁራጭ ፖስታ ውስጥ ትገባለች፣ አድራሻ ይጻፍባታል፣ ትላካለች። መንገዱ ላይ የጎረቤት ልጅ የሚያየው ፊልም አለ፣ የሰው ፎቶ አለ፣ የባንክ ሒሳብ አለ። የእርስዎ ፖስታዎች በዚያ ግርግር መሐል እየተጋፉ ይሄዳሉ። አንዳንዷ ትዘገያለች፣ አንዳንዷ ትጠፋለች።

ፎቶ ቢሆን የጎደለው ቁራጭ እንደገና ይላክ ይባላል። ድምፅ ግን ጊዜ አይሰጥም። «ደህና ነሽ?» ብለው የ«ነሽ» ቁራጭ ብትጠፋ፣ እንደገና ተልካ እስክትደርስ ልጅዎ ሌላ ወሬ ጀምራለች። ስለዚህ ስልኩ ክፍተቱን በግምት ይሞላዋል። ጥቂት ቢጎድል ጆሮ አያውቀውም። ብዙ ሲጎድል ነው ያ የቆርቆሮ ድምፅ የሚመጣው።

ሰው ሁሉ «አሜሪካ ሩቅ ስለሆነ ነው» ይላል። አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምፅዎን ባሕር በሚያሻግረው የመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መንገዱ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ይደርሳል። ጠመዝማዛ መሆኑን ብንጨምርበት እንኳ የውቅያኖሱ መንገድ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ጥፋተኛው ያለው ቤትዎ ውስጥ ወይም በራፍዎ ላይ ነው።

ይህን ከሥራዬ ነው የማውቀው። አንድ ጊዜ ክረምት ላይ «ስልካችን ይንኮሻኮሻል» ያሉ ቤተሰቦች ዘንድ ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ ምሰሶውን ወጣሁ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ከመስኮቱ ሥር አንድ የተቀጠለ ሽቦ አየሁ። የቤቱ ልጅ ራሱ ቀጥሎት በፌስታል ጠቅልሎታል። ዝናቡ በፌስታሉ ገብቶ ሽቦውን አዝጎታል። ከዚያ ወዲህ ምርመራ የምጀምረው ከቤት ውስጥ ነው።

የዛሬው ፌስታል ዋይፋይ ነው። የእህቴን ቤት ራውተር፣ ዋይፋዩን የሚረጨውን ሣጥን ማለቴ ነው፣ ያገኘሁት የት መሰልዎት? ቡፌው ውስጥ፣ ከብረት ትሪው ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ። «አቧራ እንዳይነካው» አለችኝ። ብረት የዋይፋይን ጉልበት ይሰብራል፤ ወፍራም ግንብም እንደዚያው። ራውተሩን አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። እሁድ በስልኩ ሰዓት ልጆቹ ቪዲዮ ማውረዱን ለግማሽ ሰዓት ይተዉልዎት። አሁንም ከተቆራረጠ ዋይፋዩን ያጥፉና በሞባይል ዳታ፣ መስኮት አጠገብ ሆነው ይሞክሩ። ከተሻለ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነበር። ካልተሻለ ሰዓቱ ነው፤ ምሽት ሁለት ሰዓት አገሩ ሁሉ ዳታ የሚከፍትበት ነው። አንድ እሁድ በሌላ ሰዓት ትደውልና ልዩነቱን ይዩት።

አሁን ወደ ገደል ማሚቶው እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድምፁ ሲመለስበት የሚሰማው ሰው የራሱን ስልክ ይጠረጥራል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ልጅዎ የራሷን ድምፅ የምትሰማው ድምጿ ከእርስዎ ስፒከር ወጥቶ በእርስዎ ማይክ ስለሚገባ ነው። እንግዲህ ልጠይቅዎ፦ ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ አይደል? አባትየውም ጎረቤቷም እንዲሰሙ። ስልኩ የሚመለሰውን ድምፅ እየለየ ለማጥፋት ይታገላል፤ እስከ መጨረሻው ከፍ ሲያደርጉት ግን አቅሙ አይችልም። ድምፁን ቀነስ ያድርጉት ወይም ኤርፎን ይሰኩ። ሽፋኑንም አውልቀው ይሞክሩት፤ የማይኩን ቀዳዳ የሚደፍን ሽፋን ብዙ አይቻለሁ።

ብሩን ለበዓል በግ ያድርጉት። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስልክ መግዛት ምን ይባላል?

*

«ጋሽዬ፣ ባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከፍቅረኛዬ ጋር ማታ ማታ በቴሌግራም እናወራለን። ፓኬጄ ሳላውቀው ያልቃል። የአንድ ሰዓት ወሬ ስንት ይበላል?»
— ዳታ ያለቀበት

በድምፅ ብቻ ከሆነ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ብለህ ያዝ። በሰዓት 30 ሜጋ ገደማ። የሚገርምህ፣ የዚህ ግማሽ ያህሉ ወሬ አይደለም። እላይ ለእናትየው ያልኳቸው ፖስታዎች አሉ አይደል? አድራሻው ብቻውን ከውስጡ ድምፅ ጋር የተቀራረበ ክብደት አለው። «እወድሻለሁ» ስትል ከቃሉ እኩል ፖስታውም ይከፈልበታል።

ቪዲዮ ስትከፍት ግን ሌላ ዓለም ነው፤ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ፓኬጅህን የሚጨርሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ሴቲንጋቸው ውስጥ ጥሪ ዳታ እንዲቆጥብ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። አብራው።

አንድ ነገር ልብ በል። በመደበኛ ስልክ የሚከፍለው ደዋዩ ነው። በኢንተርኔት ግን የሚያነሣውም ይከፍላል። ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ የእሷም ፓኬጅ እያለቀ ነው። ነግራሃለች? አልነገረችህም። ካርድ ሙላላት።

*

«ጋሼ፣ እህቴ አትላንታ ናት፤ በሚሞላ የጥሪ ካርድ ትደውልልኛለች። ስልኬ ላይ የሚመጣው ግን በ09 የሚጀምር የአገር ውስጥ ቁጥር ነው። ዛሬ አንድ ቁጥር፣ ነገ ሌላ። ባለቤቴ "ማነው ይሄ ሰውዬ?" ማለት ጀምሯል። አንዴ መልሼ ብደውል ዝግ ነው አለኝ። ምንድን ነው ጉዱ?»
— ትዳሬን ያትርፉልኝ፣ ከገርጂ

ልጄ፣ ይህን ገጽ ለባለቤትሽ አሳዪው። ሰውዬ የለም። ያለው ማሽን ነው፤ ሲም ቦክስ ይባላል።

እህትሽ የካርዱን ቁጥር አስገብታ ስትደውል ካርዱን የሸጠው ድርጅት ጥሪውን ኢትዮጵያ ድረስ የማድረስ ግዴታ አለበት። ትክክለኛው መንገድ ለኢትዮጵያው ቴሌኮም የዓለም አቀፍ ጥሪ ክፍያ ከፍሎ ማስገባት ነው። ክፍያው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ጥሪውን ለርካሽ አቀባይ ይሸጠዋል፣ ያ ደግሞ ለሌላ። በመጨረሻ ድምፁ በኢንተርኔት አዲስ አበባ አንድ ኪራይ ቤት ውስጥ ይገባል። እዚያ በርካታ ሲም ካርድ የተሰገሰገበት ሣጥን አለ። ሣጥኑ ከሲሞቹ አንዱን መርጦ ልክ እንደ ጎረቤት ሰው ወደ አንቺ ይደውላል። ቴሌኮሙ የሚያየው የአገር ውስጥ ጥሪ ነው። የሚያገኘውም የአገር ውስጡን ሒሳብ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሣጥኑ ባለቤት ኪስ ይገባል።

ቁጥሩ በየቀኑ የሚለያየው ለዚህ ነው። መልሰሽ ስትደውይ ዝግ የሚለውም የሚያነሣ ሰው ስለሌለ ነው፤ ሲሙም ተደርሶበት ተዘግቶ ይሆናል። ድምፁ የሚጎረብጠውም ሁለት ጊዜ ስለተፈጨ ነው፦ አንዴ በኢንተርኔት፣ አንዴ በሞባይል።

ይህ በአገራችን ወንጀል ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ያኔ «ስካይፕ ልንከለከል ነው» ተብሎ ትልቅ ጫጫታ እንደነበር ትዝ ይለኛል። መንግሥት ዓላማው አገልግሎቱን ያለፈቃድ የሚሸጠውን እንጂ ከዘመዱ ጋር የሚያወራውን ግለሰብ መያዝ አይደለም ብሎ አስረዳ። እህትሽም ካርድ ገዝታ ደወለች እንጂ ጥሪዋ በየት በኩል እንደሚዞር የምታውቅበት መንገድ የላትም። አትቆጫት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ክፉ ወሬ ቢመጣና ብታመልጪው፣ ማን እንደደወለ አታውቂም። ደግሞ የማያውቁትን የ09 ቁጥር «እህቴ ትሆናለች» ብሎ ማንሣት ልማድ ሲሆን አጭበርባሪም ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሁለታችሁም ስማርት ስልክ ካላችሁ ካርዱን ተዉት፤ ከአፕ ወደ አፕ ተደዋወሉ። ስምና ፎቶዋ ይመጣል፣ ባለቤትሽም ይረጋጋል። ካርድ የግድ ከሆነ ሌላ ድርጅት ትሞክር። ስልክሽ የአሜሪካውን +1 ብሎ የእሷን ቁጥር ካሳየ መንገዱ ደህና ሳይሆን አይቀርም።

*

«ሰላም ጋሼ፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዋትስአፕ መልእክት ይሄድልኛል፣ ጥሪው ግን አይሠራም። አንድ ልጅ "ቪፒኤን ልጫንልሽ፣ 50 ድርሃም" አለችኝ። ልስጣት?»
— ከሩቅ አገር

አትስጪያት።

ስልክሽ አልተበላሸም። በኤምሬትስ በኢንተርኔት የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ላላቸው አፖች ነው። የዋትስአፕ ጥሪ እዚያ ዝግ ነው፤ ጽሑፉና የድምፅ መልእክቱ ግን ይሠራል። ቪፒኤን የኢንተርኔት መንገድሽን ሸፍኖ በሌላ በኩል የሚያዞር መሣሪያ ነው፤ ብዙ ድርጅትም ለሥራው ይጠቀምበታል። ሕጉ ግን በእሱ ተሸፋፍኖ ጥፋት የሠራን ሰው ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ይቀጣል። አንቺ ለእናትሽ ልትደውዪ ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በሰው አገር፣ በሰው ቤት ሆነሽ በ50 ድርሃም ያን የሚያህል ነገር አትንኪ። ሰው የጫነልሽ ነፃ ቪፒኤን ደግሞ ስልክሽ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ሁሉ ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ቦቲም የሚባለው የጥሪ አፕ እዚያ የተፈቀደ ነው፤ የአገራችን ልጆችም ይጠቀሙበታል። ችግሩ እናትሽም ስልክ ላይ ቦቲም መኖር አለበት። ለታናሽ ወንድምሽ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ላኪለትና ይጫንላቸው። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ የድምፅ መልእክቱ ራሱ ከጥሪ ይሻላል። ቸኩሎ መድረስ ስለሌለበት የጎደለው ቁራጭ እንደገና እየተላከ ምሉዕ ሆኖ ይደርሳል። አሥር ደቂቃ አውርተሽ ላኪላቸው። እሳቸውም ደጋግመው ይሰሙታል።

ሳትጠይቂኝ ሁለት ነገር ልጨምር። የእናትሽን ቁጥር በቃልሽ ታውቂዋለሽ? እኛ የድሮዎቹ ሃያ ቁጥር በቃላችን ነበር። ዛሬ ሁሉም ስልኩ ውስጥ ነው። ስልክሽ ቢጠፋ ወይም አሠሪሽ ቢወስዱብሽ ምን ታደርጊያለሽ? አሁኑኑ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፊና የልብስሽ መሐል ደብቂው፤ ከፊቱ 251 መጨመርሽን አትርሺ።

ሁለተኛ፣ ዋትስአፕሽ በኢትዮጵያ ሲምሽ የተከፈተ ከሆነ ያ ሲም ረጅም ጊዜ ሳይሠራበት ሲቆይ ይዘጋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያ ሰው በቁጥሩ ዋትስአፕ ሲከፍት አንቺ ትወጫለሽ። ዋትስአፑ ሴቲንግ ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አለ፤ ወደ ዱባዩ ሲምሽ አዙሪው። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም፣ ራስሽ የምታወጪውን ተጨማሪ የምስጢር ቁጥር ማለቴ ነው፣ አብሪ። ማንም፣ የአክስትሽ ልጅ እንኳ ብትሆን፣ «በስህተት ባንቺ ስልክ የመጣ ስድስት ቁጥር ላኪልኝ» ካለችሽ አትላኪ። ምናልባት እሷ ራሷ ተጠልፋ ይሆናል።

*

«ጋሽዬ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እናቴ 78 ዓመታቸው ነው። ከእኛ አሥር ደቂቃ የሚርቅ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤት ስልካቸው የድሮው፣ በሽቦ የሚሠራው ነው። አሁን ከስልክ ድርጅቱ "በኢንተርኔት ወደሚሠራው እንቀይርልዎ፣ ዋጋውም ይቀንሳል" የሚል ደብዳቤ መጣ። ቁጥራቸው ይቀየራል? እሺ ልበል?»
— ልጃቸው

የቁጥሩን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፦ አይቀየርም፤ ይዘውት መሄድ ይችላሉ። ብቻ ቁጥሩ ወደ አዲሱ መዛወሩ ሳይረጋገጥ አሮጌውን እንዳታዘጋ፤ ከዘጋኸው ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል።

ዋናው ጉዳይ መብራት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ምሰሶ ላይ ሆኜ ሁለቱን የስልክ ሽቦ በባዶ እጄ ይዤ ነበር። ስልክ ነው፣ ምን ያደርገኛል ብዬ። በዚያው ቅጽበት ለዚያ ቤት ስልክ ተደወለ። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። የያዘኝ ቀበቶዬ ነው እንጂ ወድቄ ነበር። ከታች አለቃዬ «ሃሎ በል!» እያለ ይስቃል። ያን ዕለት ነው የገባኝ፦ የድሮው ስልክ መብራቱን ከሽቦው ጋር ይዞ ይመጣል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ 48 ቮልት አለው፣ ሲጠራ ይጨምራል። የሚመጣውም ከስልክ ጣቢያው ባትሪዎች ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ስልኩ የሚሠራው ለዚህ ነበር።

የኢንተርኔቱ ስልክ የሚሰካበት አዲሱ ሣጥን እንዲህ አይደለም። ግድግዳ ላይ ይሰካል። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፣ ሣጥኑ ይጠፋል፣ ስልኩም ይጠፋል። «አሜሪካ መብራት አይሄድም» እንዳትለኝ። ሰኔ 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ምሽት ያ ኃይለኛ ማዕበል ሲመታ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ብዙ ቤት በዚያ ሙቀት ለቀናት ያለመብራት ከርሟል። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሌሊት ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የአሜሪካው የድንገተኛ አደጋ ቁጥር 911 ራሱ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ሽቦው መልአክ ነው አልልህም።

የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለ ስልክ የሚሸጡ ድርጅቶች ደንበኛው ከፈለገ ለ8 ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ፣ በኋላም ለ24 ሰዓት የሚያቆይ አማራጭ እንዲያቀርቡ አዞ ነበር፤ ግዴታው ግን በ2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ያኔም ቢሆን የሚከፍለው ደንበኛው ነበር። ስለዚህ ካልጠየቅክ አይመጣልህም። ስትጠይቅ ደግሞ «ባትሪው ሣጥኑን ብቻ ነው ወይስ ራውተሩንም?» በል። ሣጥኑ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምንም አይፈይድም። ስልካቸው ገመድ አልባ ከሆነ የእሱም ማስቀመጫ መብራት ይፈልጋል።

ቀጥሎ 911 አለ። የድሮው ሽቦ የሚያልቀው እናትህ ቤት ስለሆነ ባይናገሩ እንኳ አድራሻቸው ይታወቃል። የኢንተርኔቱን ሣጥን ግን ነቅለህ ቨርጂኒያ ብትወስደው እዚያም ይሠራል። 911 የሚያውቀው የተመዘገበውን አድራሻ ነው። ኮሚሽኑ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህ ድርጅቶች 911 እንዲያገናኙ አዟል፤ አድራሻውን በትክክል ማስመዝገብ ግን ያንተ ሥራ ነው። የአፓርታማው ቁጥር ሳይቀር። ቤት በቀየሩ ቁጥር እንደገና። በሞባይልህ ላይ በዋይፋይ መደወልን ስታበራ አድራሻ የሚጠይቅህም ለዚሁ ነው።

እናትህ እንግሊዝኛ ይቸግራቸው ይሆናል። 911 ደውለው «አምሃሪክ» የምትለዋን ቃል ብቻ እንዲናገሩና ስልኩን ሳይዘጉ እንዲጠብቁ አስተምራቸው፤ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ጻፍላቸው። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የድንገተኛ ጊዜ መጥሪያ ካለ ደግሞ በአዲሱ መስመር መሥራቱን ከአምራቹ ጠይቅ። አንዳንዱ በድሮው ሽቦ እንጂ በሌላ አይሠራም።

እኔን ከጠየቅከኝ ባትሪው እስኪመጣ «እሺ» አትበል። ሲመጣ ቀይር። አልጋቸው አጠገብ ግን ቻርጅ የተደረገ፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ሞባይል አስቀምጥ።

በዚሁ አጋጣሚ ለአገር ቤት አንባቢዎችም ልንገር። ዋትስአፕ፣ ኢሞ፣ ቴሌግራም አምቡላንስ አይጠሩም። 907ን፣ 939ን፣ 991ን በእነሱ መደወል አይቻልም። የሦስት ወር ዳታ ሞልቶ ለድምፅ ጥሪ አምስት ብር የሌለው ሰው አውቃለሁ፤ ጎረቤቴ ነው።

*

«ጋሼ፣ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው የምጽፍልዎ። አጎቴ ከጎንደር ወጣ ያለ ገጠር ይኖራል፤ ያለው ተራ የቁልፍ ስልክ ነው። ዋትስአፕ የለውም። በነፃ የምደውልበት አፕ አለ ይባላል፣ እውነት ነው? ስካይፕ ነበረኝ፣ እሱም ቀረ።»
— የአጎቱ ልጅ፣ ከነታንያ

ለተራ ስልክ በነፃ የሚባል ነገር ካየህ ሽሽ። ከአፕ ወደ አፕ ነፃ የሆነው ሁለታችሁም ኢንተርኔት ላይ ስላላችሁ ነው፤ መሐል ላይ ሒሳብ የሚጠይቅ ስልክ ቤት የለም። አጎትህ ጋ ለመድረስ ግን ጥሪው የሆነ ቦታ ላይ ከኢንተርኔት ወርዶ ስልክ መረብ ውስጥ መግባት አለበት። እዚያ በር ላይ ይከፈላል። የኢትዮጵያ በር ደግሞ ከብዙ አገር ይልቅ ውድ ነው። አንድ አፕ ከሌላው በጣም ረክሶ ካየኸው ለገርጂዋ ልጅ የጻፍኩትን አንብብ።

ስካይፕ በ2003 ተጀምሮ ግንቦት 5 ቀን 2025 ተዘጋ፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው። እኔም አዝኛለሁ፤ ልጄን በቪዲዮ መጀመሪያ ያየኋት በእሱ ነበር። ከሱ የተማርኩት ግን አለ፦ በየትኛውም አፕ ላይ ብዙ ገንዘብ አትሙላ። መጀመሪያ ትንሹን ሙላ፣ አንድ ደቂቃ ደውል፣ ስንት እንደቆረጠ እይ። አንዳንዱ ለማገናኛ ብቻ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ 61 ሰከንድን ሁለት ደቂቃ ብሎ ይቆጥራል። የሞላኸው ቀሪ ገንዘብ የሚቃጠልበት ቀን እንዳለም አንብብ።

ደግሞ አጎትህ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርገው መቼ ነው? ገጠር መብራት ከሌለ ገበያ ሲወጣ ይሆናል። ገበያው ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ደውልለት። ያኔ ስልኩም ሞልቶ፣ ኔትወርክ ካለበት ከተማ አልወጣም፣ ጠላ ቤትም ገና አልገባም።